ይመረጣል? የት?

ቅዳሜ የካቲት 21 ቀን 2012 ከሰዓት በኋላ፣ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ የጀበና ቡና ቤት አንድ የድምፅ መልእክት ተከፈተ። ስልኩ የአንድ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ድምፁ ቨርጂኒያ የምትኖር የታላቅ እህቱ። ማክሰኞ የዲሞክራቶችን ዕጩ ልትመርጥ ነው። «እኔ የምወደው በርኒን ነው» ትላለች፣ የቬርሞንቱን ሴናተር በርኒ ሳንደርስን ማለቷ ነው፣ «ግን ሕዝቡ አይመርጠውም። ስለዚህ ትራምፕን የሚጥለውን ነው የምመርጠው።» መልእክቱ አርባ ሰከንድ አይሞላም። ክርክሩ ግን ሦስት ስኒ ቡና ፈጅቶም አልተፈታም።

ሐዋሳ ተቀምጦ ስለ አሜሪካዋ ግዛት ስለ ፔንሲልቬኒያ መጨቃጨቅ ለሚያስቀው ሰው፦ በዚያው ሳምንት የሕዳሴው ግድብ ድርድር ዋሽንግተን ላይ ተጠርቶ ኢትዮጵያ ቀርታለች። የኢንዱስትሪ ፓርካችን ሸሚዝ ያኔ አጎአ በተባለው፣ የአፍሪካ አገሮችን ምርት ያለ ቀረጥ በሚያስገባው የአሜሪካ ሕግ በኩል የሚገባው አሜሪካ ነበር። ዋይት ሐውስ ማን ይገባል የሚለው ነገር እዚሁ ሠፈር አራት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩ የፋብሪካ ልጆችን ይነካል።

ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ውስጥ ከአእምሮ አልወጣ ያለው የእህትየዋ ንግግር ነው። የምትወደውን ወዲህ፣ የምትመርጠውን ወዲያ አድርጋ ለየች። የራሷን ድምፅ ለማታውቀው የሚሺጋን ሰው አሳልፋ ሰጠች፤ እሱ ምን ይላል ብላ ገመተችና በግምቷ ልትሰለፍ ነው። ስለዚያ ሰው ምን ያህል ታውቃለች? እኛስ ምን ያህል እናውቃለን?

አንድ ቃል፣ ሁለት ሥራ

አማርኛችን እዚህ ላይ ያደናግራል። «ከፕላስቲክ ጀበና የሸክላው ይመረጣል» ስንል ይሻላል ማለታችን ነው። «ዘንድሮ እሱ ይመረጣል» ስንል ደግሞ ድምፅ ያገኛል ማለታችን ነው። አንዱ ፍርድ፣ ሌላው ትንበያ፤ ቃሉ ግን ያው ነው። ባንከሩ «በርኒ ይመረጣል!» እያለ ጠረጴዛ ሲመታ የሚዘረዝረው የሁሉንም ሰው የጤና መድንና የተማሪ ዕዳ ስረዛን ነበር። ይሻላል ማለቱ ነው። ከፊቱ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ቤቱ በሙሉ ጋሼ የሚላቸው፣ «አይመረጥም» ሲሉ የሚያወሩት ስለ ቆጠራ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል በአንድ ቃል እየተነጋገሩ ሳይገናኙ ቆዩ።

ከዚያ ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«የት?»

«የት ማለት?»

«የት ነው የሚመረጠው? የየትኛው ግዛት ሰው ነው የሚመርጠው? ስም ጥራልኝ።»

ባንከሩ ዝም አለ። ክርክሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ የትኛውም ዕጩ «ያሸንፋል» ወይም «አያሸንፍም» ሲባል ስሰማ ቦታ ካልተጠራበት ምንም እንዳልተባለ እቆጥረዋለሁ።

የደረሰኙ ጀርባ

ጋሼ ከኪሳቸው የመብራት ክፍያ ደረሰኝ አውጥተው ገለበጡና 538 ጻፉ፤ ከሥሩ 270። ቀጥለው ሦስት ስም፦ ፔንሲልቬኒያ 20፣ ሚሺጋን 16፣ ዊስኮንሲን 10። (የአሜሪካ ጉዳይ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ዓመታቱም ወራቱም በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።)

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ከ50ዎቹ ግዛቶችና ከዋና ከተማዋ የሚመጣው የወኪል መራጮች ድምፅ 538 ነው፤ 270 የሞላለት ፕሬዚዳንት ይሆናል። ከሜንና ከነብራስካ በቀር፣ ግዛቱን በአንድ ሰውም ይሁን በሚሊዮን የበለጠ ዕጩ የግዛቱን ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛም ፓርላማ ወንበር በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ላገኘ ነው የሚሰጠው፤ አንድ የምርጫ ክልል ላይ 90 በመቶ ያገኘ ፓርቲ 51 በመቶ ካገኘው አንድም ወንበር አይጨምርም።

2016 ላይ ሂላሪ ክሊንተን በአገር አቀፍ ድምር ትራምፕን ከ2.8 ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ በልጣ ተሸነፈች። ካሊፎርኒያ ላይ ብቻ ብልጫዋ ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ የካሊፎርኒያ 55 ግን በአንድ ሰው ብልጫም ያው 55 ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ትራምፕ በበኩሉ ሚሺጋንን በ10,704፣ ዊስኮንሲንን በ22,748፣ ፔንሲልቬኒያን በ44,292 ድምፅ ወሰደ። ሲደመር 77,744። ክሊንተን ያሸነፈቻቸው ግዛቶች 232 ነበሩ፤ እነዚህ ሦስቱ 46 ሲጨመሩበት 278 ይሆናል። ሌላው ካርታ ሳይነካ እነዚህን ሦስት የመለሰ ዲሞክራት ዋይት ሐውስ ይገባል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ሲታይ የባንከሩ «ይመረጣል» ወደ አንድ የሚቆጠር ነገር ወረደ፦ ሳንደርስ በእነዚህ ቦታዎች 78 ሺህ ያህል ድምፅ ይጨምራል ወይ? ለመጨመር ሲልስ ሌላ ቦታ ስንት ይጥላል?

ባንከሩ ቁጥር ሲያይ ነቃ፤ ሥራው ነዋ። «ጋሼ፣ ሚሺጋንና ዊስኮንሲን ላይ እኮ 2016 ሂላሪን ያሸነፋት እሱ ነው!» እውነቱን ነው፤ በሁለቱም ግዛት የፓርቲውን ዕጩ የሚለየውን ቅድመ ምርጫ ሳንደርስ ወስዷል። ጋሼ ግን አልተቀበሉትም፤ ልክም ናቸው። ቅድመ ምርጫ ላይ የሚሰለፈው ሰው ከጠቅላላው መራጭ ጥቂቱ ነው፣ ፖለቲካ በየቀኑ የሚከታተለው። በፓርቲው ቤት ውስጥ ያሸነፈበትን ግዛት በአገሩ ምርጫም ያሸነፈው አድርጎ መቁጠር የታወቀ ስህተት ነው። ሳንደርስ ደግሞ ድንጋይ በውኃ ግፊት እየሰነጠቁ ጋዝ ማውጣትን ጨርሶ አግዳለሁ ብሏል። ፔንሲልቬኒያ በዚያ ጋዝ የሚኖር ሰው ሞልቷታል።

ካስትሮና መሠረተ ትምህርት

የዚያን ሰሞን ሌላም ነገር ነበር። ሳንደርስ በቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ስለ ፊደል ካስትሮ ተጠይቆ፣ አምባገነንነቱን እንደሚቃወም ከተናገረ በኋላ፣ ካስትሮ ሥልጣን ሲይዝ ሰፊ የማንበብና መጻፍ ዘመቻ ማካሄዱ መጥፎ ነገር ነው ወይ ብሎ መልሶ ጠየቀ። ጋሼ በደርግ ጊዜ ገጠር ዘምተው በፋኖስ መሠረተ ትምህርት ያስተማሩ ሰው ናቸውና ሳቃቸው መጣ። «ይቺን እኔም ስንት ጊዜ ብያታለሁ» አሉ።

ብለዋታል። ሐሰትም የለባትም። ግን ልጁ በቀይ ሽብር ከደጁ ተወስዶ ያልተመለሰለት ሰው ፊት «ደርግም እኮ መሠረተ ትምህርት አስተምሯል» ብሎ የጀመረ ሰው ዓረፍተ ነገሩን አይጨርስም። ስለ ኩባ ደግሞ ሐዋሳ ላይ በጎ መናገር ማንንም አያስከፋም፤ ኩባውያን ለእኛ ከሶማሊያ ጦርነት ጋር የሚነሱ ባለውለታዎች ናቸው። ማያሚ ላይ ግን የሚሰማው ሰው ቤቱ ተወርሶ ከኩባ በጀልባ የወጣ ወይም የእሱ ልጅ ነው። ማያሚ ያለችባት ፍሎሪዳ ያኔ 29 ድምፅ ነበራት፤ 2016 ላይ ትራምፕ የወሰዳት በ1.2 ነጥብ ብቻ ነበር። ያው አንድ ንግግር ሐዋሳ ላይ የቡና ጨዋታ ሆኖ ይቀራል፣ ቬርሞንት ላይ የታሪክ ትምህርት ይሆናል፣ ማያሚ ሲደርስ 29 ድምፅ ያስከፍላል።

«አያሸንፍም» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የዕጩውን ጠባይ ይመረምራሉ። ግራ ዘመም ነው፣ ሸምግሏል፣ ልብ ድካም ይዞት ነበር። ሬገን 1980 ላይ በጣም ቀኝ፣ በጣም ሽማግሌ ተብሎ 489 ለ49 አሸነፈ። ዲሞክራቱ ኬሪ 2004 ላይ የጦር ሜዳ ሜዳሊያ ያለው፣ እሱ ቡሽን ይጥላል ተብሎ ተመርጦ ተሸነፈ። ዲሞክራቱ ማክገቨርን 1972 ላይ አያሸንፍም ተባለ፤ እውነትም ከማሳቹሴትስና ከዋሽንግተን ከተማ ሌላ አላገኘም። ከነዚህ ታሪኮች የፈለግኸውን መዘህ የፈለግኸውን ታስረዳበታለህ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር

ባንከሩ ተስፋ አልቆረጠም፤ ሳንደርስ ትራምፕን በጥቂት ነጥብ የሚመራበት አገር አቀፍ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከስልኩ አሳየ። የዚያን ወር ብዙዎቹ እንዲያ ነበሩ። እንዲህ ያለው ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ስንት ሰው እንደተጠየቀ ነው። 1,000 ሰው ከተጠየቀ የስህተት ህዳጉ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ነጥብ ነው፤ ያውም ለአንዱ ዕጩ ድርሻ። በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ወደ እጥፍ፣ ወደ 6 ይጠጋል። ስለዚህ «በ4 ይመራል» የተባለ ሰው በ2 እየተመራም ሊሆን ይችላል። በግዛት ደረጃ 600 ሰው ሲጠየቅ ህዳጉ 4፣ ልዩነቱ ላይ ወደ 8 ነው። ሚሺጋን 2016 ላይ የተወሰነችው በ0.2 ነጥብ ነበር። በእህል ሚዛን ወርቅ መመዘን የሚሉት ይኼን ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ማን ስልክ እንዳነሳ ነው። 2016 ላይ ብዙዎቹ የግዛት ጥናቶች መላሾቻቸውን በትምህርት ደረጃ አላመጣጠኑም። ኮሌጅ የጨረሰ ሰው መጠይቅ መመለስ አይሰለቸውም፤ ያ ሰው ደግሞ ወደ ክሊንተን ያደላ ነበር፤ ቁጥሩ ወደ እሷ አበጠ። ከዚያ ትምህርት ተወስዶ እንኳ 2020 ላይ አገር አቀፎቹ ጥናቶች የባይደንን ብልጫ በአማካይ በ3.9 ነጥብ አጋነኑት። ጊዜውም ያታልላል። የዲሞክራቶቹ ዕጩ ዱካኪስ 1988 ሐምሌ ላይ በአንድ ጥናት 17 ነጥብ መርቶ ሲያበቃ መጨረሻው 426 ለ111 መሸነፍ ሆነ። በዚያ ሰዓት የተለካው ገና የተቃዋሚ ማስታወቂያ ያልወረደበት ዱካኪስ ነው።

ይልቅ ጋሼ ደረሰኙ ጥግ ላይ የጻፏት ትንሽ ሂሳብ ከዚህ ሁሉ ታስተምራለች። ከተቃራኒው ወገን አንድ መራጭ ብትወስድ ልዩነቱ በ2 ይቀየራል፤ ከእሱ ተቀንሶ ላንተ ተጨምሮ ነው። ቤቱ የተኛውን አንድ ሰው ብትቀሰቅስ ግን በ1 ብቻ ነው። የሳንደርስ ዕቅድ የተኙትን፣ በተለይ ወጣቶቹን መቀስቀስ ነበር። ወደ ትራምፕ ለሚሸሽ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ወጣት ማምጣት አለበት ማለት ነው። ወጣቶቹን የተመኘውን ያህል እንዳላወጣ ከማክሰኞው ምርጫ ማግስት ራሱ ተናገረ።

15 በመቶ

ባንከሩ መጨረሻ ላይ ያነሳው ጥያቄ ጥሩ ነበር። «ካልተፈለገ እንዴት ግንባር ቀደም ሆነ?» አዮዋ ላይ በድምፅ ብዛት አንደኛ፣ ኒው ሃምፕሻየር አሸናፊ፣ ኔቫዳ ላይ በሰፊው አሸናፊ።

መልሱ የዲሞክራቶች ደንብ ውስጥ ነው። ዕጩውን ለሚመርጠው የፓርቲው ጉባኤ የሚላኩት ተወካዮች፣ ዴሊጌቶቹ፣ በድምፅ ልክ ይከፋፈላሉ፤ ነገር ግን ከ15 በመቶ በታች ያገኘ ዕጩ ምንም አይደርሰውም። ሂሳቡ እንዲቀል 100 ዴሊጌት ያላት ግዛት እናስብ። አንዱ 30 በመቶ አገኘ፣ ሁለተኛው 16፣ ሦስት ሰዎች 14፣ 14፣ 14፣ የቀረው 12 ለተበታተኑት። ሦስቱ በአንድ ነጥብ ወድቀው ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። 100ው ዴሊጌት የሚከፈለው ለ30ውና ለ16ቱ ብቻ ነው፦ 65 ለ35። ከ10 መራጭ 7ቱ ያልመረጡት ሰው ሁለት ሦስተኛውን ሊወስድ ምንም አልቀረው። (በእርግጥ ክፍፍሉ በየምክር ቤት ወረዳውም ስለሚሠራ እንዲህ ጥርት አይልም።) ሪፐብሊካኖች ደግሞ ይብሳሉ፤ 2016 ደቡብ ካሮላይና ላይ ትራምፕ በ32.5 በመቶ 50ውንም ዴሊጌት ጠቅልሎ ወሰደ።

ስለዚህ ግንባር ቀደምነት የዕጩውን ጥንካሬ ያህል የተቃዋሚዎቹን ብዛት ይለካል። የሚሰነጠቅበትም ቦታ ይኸው ነው። ሦስቱ 14ዎች ከተሰበሰቡ 42 ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው እዚህ ላይ ተረት መሆኑ ይቀርና ሂሳብ ይሆናል።

ሦስት ቀን

ሦስተኛው ስኒ ተጠጥቶ ሁሉም ወደየቤቱ በሄደበት ሌሊት፣ እሑድ ሊነጋጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በእኛ ሰዓት፣ ደቡብ ካሮላይና የዲሞክራቶችን ቅድመ ምርጫ ጣቢያዎቿን ዘጋች። አዮዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሻየር ላይ አምስተኛ የነበረው ባይደን 48.7 በመቶ አገኘ፤ ሳንደርስ 20 አልሞላም። ከሦስት ቀን በፊት የግዛቱ አንጋፋ ጥቁር የምክር ቤት አባል ጄምስ ክላይበርን ባይደንን እደግፋለሁ ብሎ ነበር። እሑድ ሌላው ተፎካካሪ ቡቲጄጅ ከውድድሩ ወጣ። ሰኞ፣ እኛ ዓድዋን ስናከብር፣ ሌላዋ ተፎካካሪ ክሎብሻር ወጣች፤ ያኑ ዕለት ማታ ሁለቱም ዳላስ ላይ ባይደንን ደገፉ። ማክሰኞ ቅድመ ምርጫ ካካሄዱት 14 ግዛቶች 10ሩን ባይደን ወሰደ፤ እምብዛም ያልተቀሰቀሰበትን ማሳቹሴትስንና የክሎብሻርን ሚኒሶታ ጨምሮ። ቢሊየነሩ ተፎካካሪ ብሉምበርግ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ ያሸነፈው የአሜሪካን ሳሞአን ደሴቶች ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ ላይ ደግሞ በፖስታ ቀድመው የመረጡ ሰዎች ድምፅ ለወጡት ዕጩዎች ተቆጥሮ ቀረ።

በሦስት ቀን ውስጥ የሳንደርስ ፕሮግራም አልተቀየረም፣ የባይደን ምላስም አልተፈታም። የተቀየረው እያንዳንዱ መራጭ ስለ ሌላው መራጭ ያለው ግምት ነው። የእህትየዋ ዓይነት አሳብ የያዙ ሚሊዮኖች ማንን እንደሚከተሉ ሳያውቁ ቆይተው አንድ ግዛት አሳየቻቸው። ደቡብ ካሮላይናን ዲሞክራት ፕሬዚዳንት ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፋት ደግሞ 1976 ላይ ካርተር ነው። ማን ማሸነፍ እንደሚችል የወሰነችው ዲሞክራት የማያሸንፍባት ግዛት መሆኗን ጋሼ በኋላ ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ያዙ፤ «የት?» የሚለው ጥያቄያቸው መልሶ ነከሳቸው።

ይህ ግምት ወደ ሌላ አቅጣጫም ሲሠራ ታይቷል። 2007 ላይ ብዙ የደቡብ ካሮላይና ጥቁር መራጮች ከሂላሪ ጋር ነበሩ፤ ነጮች ጥቁር ሰው አይመርጡም ብለው። ጥር 3 ቀን 2008 ነጭ የሚበዛባት አዮዋ ኦባማን መረጠች፣ በዚያው ወር ማብቂያ ደቡብ ካሮላይና 55 በመቶ ሰጠችው። የወደዱት ሰው እስከዚያ ድረስ እዚያው ነበር፤ የጎደለው የሌላው ሰው ፈቃድ ነበር። እዚህ ላይ ከእህትየዋ ጋር እጣላለሁ፣ መልሼም እታረቃለሁ። ሁሉም የጎረቤቱን ልብ እየገመተ ከመረጠ ሕዝቡ የወደደው ማንን እንደነበር ማንም ሳያውቅ ይቀራል። ግን እሷ የገመተችው ከፍርሃት ነው ብዬ ለማቃለል አፌን አይሞላልኝም፤ ከእኛ ይልቅ የሥራ ባልደረቦቿን ፊት ታውቃለች።

ባይደን 306 ለ232 አሸነፈ። በአገር አቀፍ ድምር ብልጫው ከ7 ሚሊዮን በላይ ነው። የጋሼን ደረሰኝ መልሰን ብንገለብጠው ግን አሪዞና 10,457፣ ጆርጂያ 11,779፣ ዊስኮንሲን 20,682፤ ድምር 42,918። እነዚህ ድምፆች ወዲያ ቢዞሩ 269 ለ269 ነበር። «የሚያሸንፈው» ተብሎ የተመረጠው ሰው ከ2016ቱም በጠበበ በር ገባ። ጥር 1 ቀን 2022 ኢትዮጵያ ከአጎአ ስትሰረዝ ዋይት ሐውስ የነበረውም እሱ ነው፤ ያን ጊዜ ፓርኩ በር ላይ ለቆሙት ልጆች «ይመረጣል» በየትኛው ትርጉሙ እንደሆነ ማስረዳት ይከብድ ነበር።

ሳንደርስ ቢሆንስ የሚለው ጨዋታ ሁለተኛ ስለማይደረግ ባንከሩ እስካሁን አልተረታም። ቡና ቤቷ ግድግዳዋን ሰማያዊ ቀብታለች፣ ስኒው ዋጋ ጨምሯል። እሱ አሁንም «በርኒ ቢሆን በሰፊው ያሸንፍ ነበር» ይላል። ጋሼ አሁንም ስኒያቸውን ያስቀምጣሉ።

«የት?»